ግራፉን ተወውና ቁጥሩን ንገረኝ

(ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ነጋዴዎችና የኮምፒውተር ተማሪዎች በተገኙበት የምሽት ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ስለሆነ ብዙም አላረምኩትም።)

እንዴት አመሻችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ እንዴት አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

የዛሬው ርእስ በሩ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። «ከሽያጭ ትንበያ ሞዴል ቁጥር ስለማውጣት» ይላል። ስገባ አንድ አባት ቆመው አነበቡትና «ይኼ ንግድ ነው ወይስ ጥንቆላ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ትንበያ የሚለው ቃል ያስጠረጥራል። «ደብተር ነው አባቴ» አልኳቸው። የድሮውን ደብተር አንብቦ ስለሚመጣው ሳምንት ግምት የሚሰጥ ሒሳብ ነው። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩ የት እንደሚገኝ። ሁለተኛ፣ የተገኘው ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ከቁጥሩ ወደ ትእዛዝ እንዴት እንደሚኬድ። መሀል መሀል ላይ ስለ አክስቴ አወራለሁ። እሷን ሳላነሳ ይህን ነገር ማስረዳት አልችልበትም።

አክስቴ እዚሁ ጎንደር የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን እኛ እንደ ተረት እንሰማዋለን። እሷ ግን እንደ ገቢ ነው የምትሰማው። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር 10 ሱቋ ውስጥ መቆሚያ የለም። ሸማኔው ግን ቀድሞ መታዘዝ አለበት። ኅዳር ላይ ቁርጡን መናገር አለባት። ብዙ ካዘዘች ገንዘቧ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ጥቂት ካዘዘች ደግሞ ለከተራ ዋዜማ የመጣው ደንበኛ «የለም?» ብሎ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል።

እኔ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ መጣሁ። ትንበያ የሚባለውን ነገር ገና መማሬ ነበር። አዲስ ጫማ የተገዛለት ልጅ ታውቁ የለ? እግሩን ሲያሳይ ነው የሚውለው። እኔም እንደዚያው። ደብተሮቿን ሰብስቤ ሦስት ቀን ሙሉ ኤክሴል ላይ ገለበጥኩ። ግራፍ ሠራሁ። ሰማያዊ መስመር ያለፈው፣ ብርቱካንማ መስመር የሚመጣው። ላፕቶፑን አዞርኩላት። መነጽሯን አደረገች። አየችው፣ አየችው።

«ቆንጆ ነው» አለች። «የሊማሊሞን ዳገት ይመስላል። እና ስንት ልዘዝ?»

ጣቴን መስመሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ግራ ጎተትኩት። «ሰባ... ሰማንያ... እዚህ አካባቢ ነው» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ ሸማኔውን ‹እዚህ አካባቢ ሥራልኝ› ልበለው? ግራፉን ተወውና ቁጥሩን ንገረኝ።»

አፈርኩ። በእውነት አፈርኩ። ምክንያቱም ቁጥሩ እዚያው ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት።

አንደኛው ነጥቤ ይኼው ነው። ቁጥሩ የት ነው ያለው? ግራፉ የቁጥሩ ሥዕል ነው፤ ቁጥሩ ግን ከሥዕሉ ጀርባ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ኤክሴል 2016ም ሆነ ከዚያ ወዲህ የወጣ ያላችሁ፣ ዳታ ከሚለው ገጽ ላይ ፎርካስት ሺት የሚል አለ። እሱን ስትጫኑ ሁሉም ሰው የሚያየው ግራፉን ነው። እዚያው አዲሱ ገጽ ላይ ግን ሠንጠረዥ አለ። አንዱ ዓምድ ትንበያው፣ አንዱ ዝቅተኛው ወሰን፣ አንዱ ከፍተኛው ወሰን። የአንድ ሳምንት ቁጥር ብቻ የፈለገ ደግሞ ፎርካስት ዶት ኢቲኤስ የሚባል ቀመር አለለት። ሦስት ነገር ይጠይቃችኋል፦ የትኛውን ጊዜ ልገምት? ያለፈው ሽያጭ የታለ? የሽያጩ ጊዜስ? ከነገራችሁት ቁልጭ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል።

ተማሪዎች፣ እናንተ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ትጠቀማላችሁ። ፕሮፌት የሚባለውን የምታውቁት አላችሁ አይደል? ፌስቡክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 በነጻ የለቀቀው የትንበያ መሣሪያ ነው። ስሙ ራሱ ነቢይ ማለት ነው፤ እንግዲህ አባታችን ቢጠረጥሩ ምን ይገርማል? እሱም የሚመልሰው ሠንጠረዥ ነው። ዋይሃት የሚለው ዓምድ ትንበያው ነው። ዋይሃት ሎወርና ዋይሃት አፐር ወሰኖቹ ናቸው። አሪማ የሚባለውን ሌላ የትንበያ ዘዴ ለምትጠቀሙም ያው ነው፤ ስንት እርምጃ ወደፊት እንደምትፈልጉ ንገሩት፣ ይቆጥርላችኋል። በዓይን ከግራፍ ላይ አትልቀሙ። እባካችሁ አትልቀሙ።

አንድ ነገር ላክል፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ኤክሴል ካልነገራችሁት በቀር ወሰኑን የሚያሰላው በመቶ 95 ነው፤ ማለት ሽያጩ ከመቶ 95 ጊዜ ወሰኑ ውስጥ እንዲወድቅ አድርጎ። ፕሮፌት ካልነገራችሁት በመቶ 80 ነው። ስለዚህ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «የፕሮፌት ወሰን ጠበብ ብሏል፣ እሱ ይሻላል» የሚል ሰው ተሳስቷል። ያነሰ ስለጠየቀው ነው የጠበበው። ሌላም አለ። የአራት ሳምንት ትንበያ ደምራችሁ የወር ማድረግ ትችላላችሁ። ወሰኖቹን ግን እንዲሁ አትደምሩ። አራቱም ሳምንት ባንድ ላይ ክፉ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ብትደምሩት ወሰኑ ከሚገባው በላይ ይሰፋባችኋል።

ወደ ሁለተኛው። የወጣው ቁጥር የምን ቁጥር ነው?

ራሴን ላጋልጥ። አዲስ አበባ ለአንድ አከፋፋይ ድርጅት እሠራ ነበር። ስሙን ተዉት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የሚያከፋፍሉት ሳሙና ነው። የሚቀጥለውን ወር ትንበያ ሠርቼ ለመጋዘን ኃላፊው በወረቀት ላክሁለት። ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ 8.3 ካርቶን ይላል። እኛ እኮ ባንድ ቀን የምናወጣው ከዚህ ይበልጣል። ነጥብ ሦስቱንስ በምን እንቁረጠው? በቢላ?»

ምን ሆኜ መሰላችሁ? ሽያጩ ሲያድግ መወዛወዙም አብሮ ስለሚያድግ፣ ከመጀመሬ በፊት ቁጥሮቹን ወደ ሎጋሪዝም ቀይሬያቸው ነበር። ይህ የታወቀ አሠራር ነው። ሞዴሉም በተማረበት ቋንቋ መለሰልኝ። 8.3 የካርቶን ቁጥር አይደለም፣ የካርቶን ሎጋሪዝም ነው። ወደ ኋላ ሲመለስ ወደ 4,024 ካርቶን ይሆናል። 8.3 እና 4,024! እኔ ወደ ኋላ መመለሱን ረሳሁት። ይኼው ነው ጉዱ።

ስለዚህ ሞዴሉ የሚሰጣችሁ ቁጥር በሰጣችሁት መለኪያ ነው። ሎጋሪዝም ከሰጣችሁት ሎጋሪዝም ይመልሳል። ከዜሮ እስከ አንድ አጥብባችሁ ከሰጣችሁት፣ በዜሮና በአንድ መካከል ይመልሳል። ዝቅተኛ ሳምንታችሁ 2 ቀሚስ፣ ከፍተኛው 42 ከሆነ፣ ሞዴሉ 0.5 ሲላችሁ ግማሽ ቀሚስ ማለቱ አይደለም፤ 22 ማለቱ ነው። ልዩነት ብቻ ከሰጣችሁት ደግሞ ልዩነት ይመልሳል። «6» ሲላችሁ «ካለፈው ሳምንት በስድስት ይበልጣል» ማለቱ ነው። ያለፈው ላይ ካልደመራችሁት ኪሳራ ነው። ተማሪዎች ይህንን ጻፉት። ለሎጋሪዝም ተጠቃሚ ደግሞ ትንሽ የረቀቀች ነገር አለች፦ እንዲሁ ብትመልሱት የምታገኙት መካከለኛውን፣ ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች የሚሆንበትን ነው እንጂ አማካዩን አይደለም። አማካዩ ትንሽ ከፍ ይላል። የወር ድምር ለምትሠሩ ይህ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፈረንጆቹ የሚጽፉት መጽሐፍ ላይ ይህ የለም። የእኛ ጣጣ ነው።

የአክስቴ ደብተር ቀኑ በእኛ ነው። ኤክሴል ደግሞ የእኛን አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብዬ ስጽፍለት የካቲት ሠላሳ የለም ይላል፣ ማለት የእነሱ ፌብሩዋሪ። ቀኑን እንደ ቃል ቆጥሮ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ነው ክፋቱ! ጥር 11ን 11/5 ብዬ ስጽፍ ደግሞ ደስ ብሎት ይቀበለኛል፤ ሜይ 11 ነው ወይም ኖቬምበር 5 ነው ብሎ። ጥምቀትን ሜይ ላይ ወስዶ አከበረልኝ። ጳጉሜንስ? አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር መቼ ያውቅና!

ወደ እነሱ ወር ቀይረን ብንጠቀም ይፈታል? በከፊል። በእኛው ወር ብንደምርስ? ያን ጊዜ ጳጉሜ በአምስት ቀን ሽያጭ ትገባና ሞዴሉ «ነሐሴ ካለቀ በኋላ ገበያው ወደቀ» ይላል። ገበያው አልወደቀም፣ ወሩ አጠረ እንጂ። ወይ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደምሯት፣ ወይም እንደ እኔ ወርን ጭራሽ ተዉት። እኔ ለአክስቴ በሳምንት አደረግሁት። ቅዳሜ ገበያ ያለበት ከተማ ውስጥ ሳምንት ነው የሚያስኬደው። ሠላሳ ቀን ባለው ወር አንዳንዴ አራት ቅዳሜ፣ አንዳንዴ አምስት ቅዳሜ ይገባል፤ የሽያጩ ልዩነት ከዚያ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሳምንታቱን 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ከመጀመሪያው ደብተር ጀምራችሁ ቁጠሩ። ቀመሩ የሚፈልገው እኩል መራመድን ነው፣ የፈረንጅ ቀን አይደለም። ዙሩን 52 በሉት። ሁለት ሙሉ ዓመት ከሌላችሁ ግን የዓመት ዙር አትጠብቁበት፤ ጥምቀትን አንዴ ብቻ ያየ ሞዴል በአል መሆኑን በምን ያውቃል?

ቅቤ የምትነግዱ አላችሁ? እጃችሁን... አላችሁ። የእናንተ ነገር ይብሳል። በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 27። በ2018 ደግሞ ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። አያችሁት? በአንዱ ዓመት ሚያዝያ ሙሉውን ማለት ይቻላል ጾም ነው። በሌላው ዓመት ሚያዝያ ከ4 ጀምሮ ፍስክ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት። ሞዴሉ የ2016ን ሚያዝያ አይቶ «በሚያዝያ ቅቤ አይሄድም» ብሎ ቢነግራችሁ ምን ትሉታላችሁ? አንዴ እንዲያውም ለአንድ የቅቤ ነጋዴ ስሠራ ለጾሙ ሳምንት ከዜሮ በታች አወጣልኝ። ሰዎች ቅቤ መልሰው ሊያመጡልን ነው ማለት ነው? እንዲህ ሲሆን ዜሮ ላይ አቁሙት፤ ከዚያ ግን ለምን እንደወረደ ፈልጉ።

መድኃኒቱ ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕና አበቅቴ አውጥተው ነነዌን ያገኛሉ። ከነነዌ 14 ቀን ቆጥረው ዐቢይ ጾምን፣ 69 ቀን ቆጥረው ትንሣኤን። የሚመጡት የሃያ ዓመት ፋሲካዎች መቼ እንደሚውሉ ዛሬ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ያ ወሰን የለውም፣ «ከዚህ እስከዚህ» አይባልም፣ ቁርጥ ነው። ታዲያ ቁርጥ ሆኖ የሚታወቀውን ነገር ሞዴሉ በግምት እንዲያገኘው ለምን እናሠቃየዋለን? እንስጠው! አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ሳምንቱ ጾም ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0። የሚመጡትንም ሳምንታት ሙሉለት። የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች ደግሞ ረመዳንንና ዒድን እንደዚሁ ጨምሩ፤ እሱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ይጓዛል። ይህን የኤክሴሉ ቀመር አይቀበልም፣ ፕሮፌት ይቀበላል። የኤክሴል ሰው ከሆናችሁ ከተማሪዎቹ ከአንዱ ጋር ተወዳጁ። ለዚህ እኮ ነው አንድ አዳራሽ ያስገባናችሁ።

ስለ ደብተሩ አንዲት ነገር ብዬ ልለፍ። የአክስቴ ደብተር ጥር 8 ላይ ዜሮ ይላል። «እዚህ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «አልቆብኝ ነዋ!» አለችኝ። ሞዴሉ ግን ያነበበው «ጥር 8 ማንም ቀሚስ አልፈለገም» ብሎ ነው። ያለቀበትና ያልተፈለገበት ቀን በደብተር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ሲያልቅባችሁ «አለቀ» ብላችሁ ጻፉ። በ2012 ኮሮና ሲገባ፣ ከዚያም በኋላ ሱቅ የተዘጋባቸውን፣ መንገድ የተዘጋባቸውን ቀናት ታውቋቸዋላችሁ፤ ማብራራት አያስፈልገኝም። እነሱንም ምልክት አድርጉባቸው። ደንበኛው ጠፍቶ አይደለም፣ መውጫ አጥቶ ነው።

ሦስተኛው። እሺ፣ ቁጥሩ ወጣ፣ ወደ ቀሚስም ተመለሰ። አክስቴ ዘንድ ሄድኩና «80» አልኳት። «ወሰኑ ከ56 እስከ 104።»

«80 ልዘዝ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «አዎ» ይላል። እኔም ልል ነበር። ግን 80 ማለት ምን ማለት ነው? ከ80 በላይ የመሸጡም ከ80 በታች የመሸጡም ዕድል እኩል ነው ማለት ነው። ለእሷ ግን ሁለቱ ስሕተቶች እኩል ያስከፍሏታል? ጠየቅኋት። ቁጥሩን ለዛሬ ቀለል ላድርገው። ቀሚሱን ከሸማኔው በ3,000 ብር ትወስዳለች፣ በ4,000 ትሸጣለች። ቢጎድልባት በአንድ ቀሚስ 1,000 ብር ትርፍ ያመልጣታል። ቢተርፋትስ? «ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ከጥምቀት በኋላ በ2,600 ይሄድልኛል» አለች። ስለዚህ በአንድ የተረፈ ቀሚስ 400 ብር ትከስራለች። የጎደለው 1,000፣ የተረፈው 400 ያስከፍላታል። 1,000ን ለሁለቱ ድምር፣ ለ1,400 ስታካፍሉ ወደ 0.71 ይመጣል። እንግዲህ ማዘዝ ያለባት መሀሉን አይደለም፤ ከመቶ 71 ጊዜ የሚበቃትን ነው።

ያን ቁጥር ከየት እናመጣለን? ከወሰኑ። ከ80 እስከ 104 ድረስ 24 ነው። በመቶ 95 ወሰን ስለሆነ ለ1.96 ስናካፍለው 12 ገደማ፤ ይህ ሽያጩ ከመሀሉ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ የሚለካ ቁጥር ነው። ኤክሴል ውስጥ ኖርም ዶት ኢንቭ ለሚባለው 0.71፣ 80፣ 12 ብላችሁ ስጡት። 87 ይላችኋል። በቃ፣ 87 ቀሚስ።

አሁን ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ 80 ያዙ። የተረፈው ቀሚስ በ2,600 ሳይሆን በ1,500 ብቻ የሚሄድ ቢሆንስ? ክሳራው 1,500 ይሆናል። 1,000 ለ2,500፣ 0.4። ትእዛዙ ወደ 77 ይወርዳል። ትንበያው አልተነካም፤ ትእዛዙ ግን በአሥር ቀሚስ ተለወጠ። ለዚህ ነው ወሰኑን ቆርጣችሁ አትጣሉ የምለው። መሀሉ ብቻ የተሰጠው ነጋዴ ይህን ሒሳብ ሊሠራ አይችልም። ትእዛዙን የሚያስተካክለው ቁጥር፣ የጎደለውና የተረፈው ቀሚስ የሚያስከፍለው፣ ያለው ሞዴሉ ውስጥ ሳይሆን አክስቴ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ለማውጣት ደግሞ ሁለት ስኒ ቡና ብቻ ፈጀ።

ሦስት ብዬ ነበር፣ አራተኛ መጣብኝ፣ ይቅርታ። ከማመናችሁ በፊት ፈትኑት። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ወራት ደብቁትና ገምት በሉት። እንደ ካርታ በውዙ አይደለም፤ መጨረሻውን ነው የምትደብቁት። ከዚያ ውጤቱን ከአንድ ሰነፍ ግምት ጋር አወዳድሩ፦ «ዘንድሮም እንደ አምናው ሳምንት ይሸጣል» ከሚል ጋር። ይህን ካላሸነፈ ጣሉት። ማክሪዳኪስ የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር እንደ ፈረንጅ በ1982 ይህንኑ በ1,001 የቁጥር ተከታታዮች ላይ ፈትኖ ነበር፤ ውስብስቦቹ ዘዴዎች የግድ ከቀላሎቹ እንደማይበልጡ ያኔ ታየ። ስለዚህ ቀላል ሠራሁ ብሎ የሚያፍር እንዳይኖር።

አክስቴ ምን አደረገች? 87 አልኳት፣ 90 አዘዘች። «ሸማኔው ሦስቱን ለምን ያስቀርብኛል» ብላ። 84 ተሸጠ፣ ስድስት ተረፈ። አንዱን ራሷ ለብሳ ፋሲል መዋኛ ወረደች። ከዚህ ተነስቼ ሞዴሌ ትክክል ነበር ልል አልችልም፤ አንድ ጥምቀት አንድ ፈተና ብቻ ነው፣ 84ም 70ም ወሰኑ ውስጥ ነበሩ። እሷ ግን ይህ አላስጨነቃትም። ከባሕረ ጥምቀት ስንመለስ መንገድ ላይ ያለችኝን ታውቃላችሁ? «ለፋሲካስ?»

እንግዲህ ደብተር ይዛችሁ የመጣችሁ እዚህ ወደ ፊት ኑ። ተማሪዎች ላፕቶፓችሁን ክፈቱና ከአንድ አንድ ነጋዴ ጋር ተቀመጡ። እማማ፣ እርስዎ የያዙት ደብተር ወፍራም ነው፣ ከእርስዎ እንጀምር። ቡናውም ደርሷል መሰለኝ።